ያለ ጉንጭ የተነፋ ጥሩምባ

«ድምቡሼ» የሚለውን ቅጽል ስም ማን እንዳወጣላት በማርሽ ባንዱ ውስጥ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ከበሮ መቺው «እኔ ነኝ» ይላል፤ እሱ ግን ያልሠራውንም ሠርቻለሁ ማለት ልማዱ ነው። ማንም ያውጣው፣ ስሙ ልክክ ብሎላት ነበር። ክብ ፊት ነበራት፤ ስትስቅ ዐይኗን የሚውጥ ጉንጭ ነበራት። ጥሩምባዋን ስትነፋ ያ ጉንጭ ግራና ቀኝ እንደ ኳስ ይወጠርና፣ ከፊት የተቀመጡ ሕፃናት ሙዚቃውን ትተው እሱን እያዩ በሳቅ ይፈርሱ ነበር። እሷም አውቃ ትጨምርላቸዋለች። ቀልድ የማይገባው ሰው አትወድም።

ባንዱ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። የመለማመጃ አዳራሹ ከእሳት አደጋ መኪኖች ጋራዥ በላይ ስለሆነ፣ በልምምድ መሀል መኪኖቹ ሲነሡ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ወደ አዳራሹ የሚያወጣው ደረጃ ብረት ነው፤ ቀጥ ያለ፣ መደገፊያው በአንድ በኩል ብቻ። ድምቡሼ በዚያ ደረጃ መጀመሪያ የወጣችው ገና ልጃገረድ ሳለች፣ የታላቅ እህቷን ካፖርት ተውሳ፣ ለፈተና ነው። ፈታኞቹ «ለሴት ልጅ ዋሽንት ይሻላል» አሏት። «ዋሽንቱን ለሚፈልገው ስጡት» ብላ ጥሩምባውን አነሣችና ነፋች። የዚያን ጊዜው አለቃ ጆሮውን አዘንብሎ ሲሰማ ቆየና «ድምፅሽ ጥሩ ነው፤ ጉንጭሽን ግን አትንፊ፤ አንድ ቀን ትጸጸቻለሽ» አላት።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ? ምን ቁርጥ አድርጓት ትስማ። በዚያው በተነፋ ጉንጭ ከኋላ ረድፍ ተነሥታ አንደኛ ጥሩምባ ሆነች። አንደኛ ጥሩምባ ማለት ሰልፉን በጥሪ የሚያስጀምር፣ ሌላው ሁሉ የሚከተለው ሰው ነው። በባንዱ ዕድሜ ያንን ወንበር የያዘች ሴት እሷ ብቻ ናት። ተማሪ ስታስተምር ደግሞ አለቃው የነገራትን ሳትሰርዝ ሳትደልዝ ትደግመዋለች። «ጉንጫችሁን አትንፉ። አየሩ ከሆድ ይምጣ። ጉንጭ መንገድ እንጂ መጋዘን አይደለም» ትላለች። ተማሪዎቹ የእሷን ጉንጭ እያዩ ሲሳሳቁ «የምላችሁን አድርጉ፣ የማደርገውን አትዩ» ብላ ታልፈዋለች።

ከዚያ ስኳር መጣ። ከስኳሩም በፊት ክብደቱ መጥቶ ነበር፤ ሁለቱ ተጋግዘው ጉልበቷን ያዙት። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ባንዱ ሲሰለፍ እሷን በመኪና ቀድመው ይወስዷትና ሰልፉ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ወንበር ይሰጧታል። ባንዱ ከሩቅ እየተጫወተ ይመጣል፤ እሷ ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ ሲደርሱ ከተቀመጠችበት ትቀላቀላቸዋለች። ሰው ያጨበጭብላታል። እሷ ግን ያን ወንበር እንደ ጠላት ታየው ነበር። ሰልፍ ማለት መሄድ ነው፤ የማይሄድ ሰልፈኛ ምን ይባላል? ማታ ለባሏ «እንደ ዕቃ ተጭኜ ሄድኩ፣ እንደ ዕቃ ተራገፍኩ» ብላ ታለቅሳለች። ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ነገር አያበዛም። «ዕቃ ጥሩምባ አይነፋም» ይላትና ጉልበቷን በቅባት ያሽላታል።

ሐኪሟ በየሳምንቱ ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌ አዘዘላት። መርፌው መጀመሪያ አቅለሸለሻት፤ ቀጥሎ የምግብ ፍላጎቷን ዘጋው፤ ከዚያ ክብደቷ መውረድ ጀመረ። ወረደ፣ ወረደ፣ ቀሚሶቿ ከትከሻዋ እስኪንሸራተቱ ወረደ። ስኳሯ ረጋ። ጉልበቷ ሕመሙን ረሳ። አንድ ጠዋት የብረቱን ደረጃ መደገፊያውን ሳትይዝ፣ መሀል ላይ ሳታርፍ ወጣችው። ላይ ስትደርስ ማንም አላያትም፤ ስለዚህ ተመልሳ ወረደችና እንደገና ወጣች። ሁለተኛውን መውጣቷን ከበሮ መቺው አየላት፤ እሱ ካየ ደግሞ ከተማው ሁሉ አየ ማለት ነው።

እግሯ ሲመለስ ግን ፊቷ ሄደ። ጉንጯ ጎደጎደ፤ ዐይኗ ወደ ውስጥ ገባ። ከአፍንጫዋ ግራና ቀኝ ወደ አገጯ የሚወርድ መስመር ወጣ፤ ከአገጯ ሥር ያለው ቆዳ ተንጠለጠለ። በዓመታት ቀስ እያለ የሚመጣው እርጅና በጥቂት ወራት ውስጥ ተሰብስቦ ከተፍ አለባት። ሐኪሙ «የፊትዎ ስብ ቶሎ ሄደ፤ ቆዳዎ ደግሞ እሱን ተከትሎ ቶሎ መሰብሰብ አልቻለም። በፍጥነት የቀነሱ ሰዎች ላይ ይታያል፤ በሽታ አይደለም» አላት። ጉንጭን በመርፌ የሚሞሉ ሐኪሞች እንዳሉም ነገራት። «ከተሞላ በኋላ ጥሩምባ ይነፋበታል?» ብላ ብትጠይቀው ትንሽ አሰበና «እውነቱን ልንገርዎት፣ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ አላውቅም» አላት። ስላልዋሻት ወደደችው፤ ነገሩን ግን እዚያው ተወችው።

እሷ ገብቷታል። ለሰፈሩ ማን ያስረዳ? ሰው ሲወፍር «ተስማማሽ» ይባላል፤ ሲከሳ «ምን ነካሽ» ነው። ዳቦ ሻጯ ገና ስታያት «ይማርሽ» አለቻት። «አልታመምኩም፣ እንዲያውም ድኛለሁ» ብትላት «አዎ እናቴ፣ ተስፋ አለመቁረጥ ነው» ብላ አንድ ዳቦ መረቀችላት። አውቶቡስ ውስጥ እኩያዋ የሆነች ሴት «እማማ፣ ይቀመጡ» ብላ ተነሣችላት። ድምቡሼ ግን እልህ ያዛትና እስከ መጨረሻው ፌርማታ ባዶው ወንበር አጠገብ ቆማ ሄደች። ሁለት እግር ያለው ሰው ወንበር ምን ያደርግለታል?

ከሁሉም የባሰችው ታላቅ እህቷ ናት። ልብስ ሰፊ ነች፤ ሱቋ መንገድ ዳር ስለሆነ የሰፈሩ ወሬ ሁሉ በእሷ መርፌ ቀዳዳ ያልፋል። ደንበኞቿ «እህትሽ ምን ሆና ነው?» ሲሏት አንገቷን ትደፋለች። የደፋችው አንገት ደግሞ ከሱቁ ሲወጣ መርዶ ሆኖ ይዞራል። በየሁለት ቀኑ ቅባት የሚንሳፈፍበት ሾርባ በፔርሙዝ ይዛ ትመጣለች።

«በሞቴ ይቺን ብቻ ጠጪልኝ።»

«ጠግቤያለሁ፣ እትዬ።»

«ምን በልተሽ ነው የጠገብሽው? አየር? ፊትሽን በመስታወት አይተሽዋል?»

«በየቀኑ ነው የማየው። መስታወቱ እንደ አንቺ አያለቅስብኝም እንጂ።»

«ቀልጂ። እናታችን በስተርጅናዋ እንኳ እንዲህ ያለ ፊት አልነበራትም።»

«እናታችን መርፌ አልወሰደችም፤ በጉልበቷም እየዳኸች ነው የሞተችው» አለች ድምቡሼ። ሾርባው እዚያው ቀዘቀዘ።

ይህ ሁሉ ያስቃል፤ ስቃበታለችም። ያላሳቃት ድምፁ ነው። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ጥሪውን ስትነፋ፣ ከግራ ከንፈሯ ጥግ አየር ፍስስ ብሎ አመለጠ። እንደገና ነፋች፤ እንደገና አመለጠ። ዕድሜዋን ሙሉ ከንፈሯን ያስደገፈችው በዚያ ሙሉ ጉንጭ ላይ ነበር። አሁን ጉንጩ የለም፤ የቀረው ላላ ያለ ቆዳ ስትነፋ ይርገበገባል፤ ከንፈሯም ጥሩምባው አፍ ላይ ረግቶ አይቀመጥላትም። ታችኞቹ ድምፆች እንደ ምንም ይወጣሉ። ላይኛዋ፣ ጥሪው ጫፍ ላይ ያለችዋ፣ ተሰበረች። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወረቀቱን ማየት ጀመረ። አጠገቧ ያለው ሁለተኛ ጥሩምባ ነፊም የገዛ ጫማውን እንደ አዲስ ነገር ያይ ነበር።

ሁለተኛው ጥሩምባ «ሸንበቆ» ይባላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከተወለደ ጀምሮ ጉንጭ የሚባል ነገር ያልጎበኘው ሰው ነው። ከፊደሉ ጀምራ ጥሩምባ ያስተማረችው እሷ ናት። አሁን ሚስትና ልጆች አሉት፤ ከእሷ ቀጥሎም ወንበሩን የሚወርሰው እሱ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

የአሁኑ አለቃ ደግሞ ደግ ሰው ነው፤ ጉድለቱም ያው ደግነቱ ነው። ጠራትና የደንብ ልብስ በተሰቀለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጣት።

«አዲሱ ድልድይ ሊመረቅ ነው» አላት። «ባንዱ ከወዲህ ማዶ እስከ ወዲያ ማዶ እየተጫወተ ይሻገራል። ድልድዩ መሀል ስንደርስ ጥሪው ይነፋል፤ ሳይቆሙ፣ በእርምጃ ላይ።»

«አንደኛ ጥሩምባ እኔ ነኝ። እግሬም ድኖልኛል።»

«አውቃለሁ። ስለዚህ ሙዚቃውን በሙሉ ወደ ዝቅተኛ ቅኝት ላወርደው አስቤያለሁ። ላይኛዋ ድምፅ እንዳታስቸግርሽ። ማንም አይነቃም።»

ድምቡሼ ፊቷ ጋለ። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

«እኔ እነቃለሁ» አለችው። «ለእኔ ጉንጭ ተብሎ ባንድ ሙሉ አይጎነበስም። እንዳለ ይሁን።»

አለቃው ተነፈሰ። «እንዳለ ከሆነ እንግዲህ ከምረቃው በፊት አንቺም ሸንበቆም ትነፉልኛላችሁ። የተሻለው ይነፋል፤ ወንበሩም የእሱ ይሆናል። አድልቼ አልሰጥሽም።»

«አድልተው ቢሰጡኝም አልቀበልም» ብላ ወጣች። አነጋገሯ ኮራ ያለ ነበር፤ ኩራቱ ግን እቤት እስክትደርስ ብቻ ቆየ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። እቤት ተቀምጣ አሰበችውና ስሌቱ ቀላል መሰላት፤ ድምፁ የሄደው ከጉንጩ ጋር ነው፣ ጉንጩ የሄደው ከክብደቱ ጋር ነው፣ ክብደቱን የወሰደው መርፌው ነው። ስለዚህ ለማንም ሳትናገር መርፌውን አቆመች። ጥሩምባ ነፊ ካልሆነ በስተቀር ጉንጭ ፍለጋ እግሩን የሚሸጥ ሰው ከየት ይመጣል? የእህቷን ሾርባ ጠጣች፤ ሁለተኛ ሳህንም ጠየቀች፤ ዳቦ በማር በላች። ለእህቷ ሰርግና ምላሽ ሆነላት። «አየሽ፣ ደም ተዘዋወረብሽ» እያለች አገጯን ትነካካታለች።

ክብደቱ እውነትም ተመለሰ። ግን ጉንጯን አልፎት ሄዶ ሆዷና ዳሌዋ ላይ ሰፈረ። በየጠዋቱ መስታወት ፊት ቆማ ጉንጯን በጣቷ ትቆነጥጣለች፤ እዚያ የተጨመረ ነገር የለም። ስኳሯ ግን ወደ ላይ ጀመረ። አንድ ቀን የብረቱ ደረጃ መሀል ላይ ስትደርስ ቀኝ ጉልበቷ ወጋት፤ መደገፊያውን ያዘች። ያን መደገፊያ ከያዘች ስንት ጊዜዋ ነበር። እዚያው ጎንበስ ብላ ከኋላዋ የመጣው ሰው ሁሉ ቀድሟት እስኪያልፍ ጫማዋን የምታስር መሰለች።

ባሏ ምሳውን ከማቀዝቀዣ ሊያወጣ ሲል የመርፌውን ሳጥን አየ። ዕድሜውን ሙሉ ሞተር ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ያልተከፈተን ነገር ከሩቁ ያውቃል። ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ይሄ ለምን አልተከፈተም?»

«ጉንጬን ልመልስ ብዬ ነው።»

«ተመለሰ?»

«አልተመለሰም።»

«ምን ተመለሰ ታዲያ?»

ቀሚሷን ትንሽ ሰብሰብ አድርጋ ያበጠ ጉልበቷን አሳየችው።

«በእግርሽ ሄደሽ፣ ነፍተሽ፣ ብትሸነፊ አብሬሽ አለቅሳለሁ» አላት ሳጥኑን ወደ እሷ እየገፋ። «በመኪና ተጭነሽ ሄደሽ ብታሸንፊ ግን ምን ብዬ ደስ ይበለኝ? ማታ የምታለቅሺው እኔ ላይ ነው።»

«ፊቴስ?» አለች፤ ይህን ለእሱ ጠይቃው አታውቅም። «እስቲ እውነቱን ንገረኝ። አታየውም እንዴ?»

«አየዋለሁ። ድሮ ልትቆጪ ስትይ ጉንጭሽ ይሸፍንብኝ ነበር። አሁን ገና ከበሩ ላይ አይቼሽ እሸሻለሁ።»

እየሳቀች አለቀሰች። በማግሥቱ ሐኪሙ ዘንድ ሄዳ ያደረገችውን ነገረችው። ሐኪሙ ቆጣ አለና መርፌውን እንደ ጀማሪ ከትንሹ መጠን አስጀመራት። ከሐኪም ቤቱ ስትወጣ ሁሉን ነገር እንደ ጀማሪ መጀመር ሳይኖርባት አይቀርም ብላ አሰበችና ቀጥታ ሸንበቆ ቤት ሄደች።

«ያለ ጉንጭ እንዴት እንደሚነፋ የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ» አለችው በሩ ላይ ቆማ።

ሸንበቆ ሳቀ። «መምህሬ፣ እርስዎ ነዎት እኮ ያስተማሩኝ።»

«እኔ የማላውቀውን ነው ያስተማርኩህ። አሁን ካንተ ልማረው መጥቻለሁ። ወንበሩን ትፈልገዋለህ?»

«በጣም።»

«ታዲያ ብትረዳኝ ምን ታገኛለህ?»

«ወንበሩን ከታመመ ሰው ወሰደ እንዲሉኝ አልፈልግም። በደንብ ነፍተው ይሸነፉልኝ።»

«አንተ ልጅ፣ የወፈረው ምላስህ ብቻ ነው» አለችው። ገባችና ተቀመጠች።

ከሥራ በኋላ የደንብ ልብስ በሚሰቀልበት ክፍል ውስጥ ይለማመዱ ጀመር፤ እዚያ ሰልፈኞች ኮፍያቸውን የሚያስተካክሉበት ረጅም መስታወት አለ። መጀመሪያ ጥሩምባውን አላስያዛትም። የሚነፋበትን አፍ ብቻ ነቅሎ ሰጣትና «መጋዘን አይደለም» እያለ የገዛ ቃሏን መልሶ አቃማት። የከንፈሯን ጥግና ጥግ አጥብቃ እንድትይዝ፣ ጉንጯን ወደ ጥርሷ እንድትሰበስብ፣ አየሩን ከሆዷ እንድትገፋ። የሚወጣው ድምፅ የፈላ ማንቆርቆሪያ ነበር። እሳት አደጋዎቹ ደወል መስሏቸው ሁለት ጊዜ ተነሥተዋል ብሎ ከበሮ መቺው አወራባት። ውሸት ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

የከበዳት ግን መንፋቱ አልነበረም፤ መስታወቱ ነው። በየቀኑ አየዋለሁ ብላ ለእህቷ ብትፎክርም፣ የምታየው ቸኩላ፣ ቆንጥጣ፣ አዝና ነበር። አሁን ሥራ ሆነና ያንን ፊት ትኩር ብላ ልታየው ግድ ሆነ። ከንፈሯን ስትሰበስብ ከጉንጯ ሥር አንዲት ቀጭን ጡንቻ ብድግ ትላለች። ላይኛዋን ድምፅ ስትሞክር ደግሞ ከአገጯ ጎን ሌላዋ ትጎትታለች። ድሮ ይህ ሁሉ ተሸፍኖ ስለነበር አንዷንም አይታ አታውቅም። አሁን የትኛዋ ቀድማ እንደደከመች፣ የትኛዋ እንደሰነፈች ከመስታወቱ ላይ ታነባለች። «ይቺ ግራዋ ሐኬተኛ ናት» ትላለች፤ ሸንበቆም ያንኑ ጎን በእርሳስ ጫፍ ጠቆም ያደርግላታል። ፊቷ የሚያሳዝን ነገር መሆኑ ቀርቶ መሣሪያ ሆነላት።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። አየሩ ማምለጡን ተወ። ድምፁ ግን የድሮው አልነበረም። የድሮው ሰፊና ለስላሳ፣ አዳራሹን የሚሞላ ነበር። አዲሱ ጠበብ ያለ፣ ቀጥ ያለ ነው፤ ግድግዳውን አልፎ የሚሄድ ይመስላል። አዘነችበት። ለሞተ ዘመድ እንደሚያዝን ሰው አንድ ሁለት ቀን አዘነችና ተነሥታ ሥራዋን ቀጠለች።

በፈተናው ቀን አለቃው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ጀርባውን ሰጣቸው። ሸንበቆ ነፋ፤ ንጹሕ ነበር፤ አንዲት ጉድፍ አልወጣበትም። ድምቡሼ ቀጠለች። ጥሪው ወጣ፣ ወጣና ላይኛዋ ጫፍ ላይ ደረሰ። ድምፁ አልተሰበረም። ጫፉ ላይ ቆየች፤ ልቀቂው እስኪባል ድረስ ቆየች። አለቃው ሲዞር ዐይኑ ውስጥ ያ ደግነቱ አልነበረም፤ የነበረው መገረም ነው፤ እሷም ከደግነቱ ይልቅ እሱን ወደደችው።

«የሸንበቆ ያምራል» አለ አለቃው። «የአንቺ ይጠራል። ጥሪ ነው የምፈልገው። ድልድዩ ላይ ንፋስ አለ፤ የአንቺ ንፋሱን ያልፈዋል።»

ሸንበቆ ጥሩምባውን ሳይወለውል ሳጥን ውስጥ ከቶ ወጣ። ሁለት ቀን ሰላምታ ነሣት። በሦስተኛው ቀን መጣና «ግራዋ አሁንም ሰነፍ ናት፤ ከምረቃው በፊት እናስተካክላት» አላት። ሰው ነው፤ ተቀየመ፣ ለቀቀው። እሷም አልወቀሰችውም።

የደንብ ልብሷን ለማጥበብ እህቷ ሱቅ ሄደች። እህቷ ለካች፣ ምልክት አደረገች፣ ከዚያ ጎንና ጎኑን ወደ ውስጥ አጠፈችና ብዙ ትርፍ ጨርቅ ትታ መስፋት ጀመረች።

«ይሄ ሁሉ ትርፍ ምንድን ነው?»

«ስትመለሺ እንዲሰፋልሽ ነዋ። ጨርቅ ከተቆረጠ አይመለስም።»

«ቁረጪው፣ እትዬ።»

እህቷ መቀሱን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠች። ድምቡሼ ጠበቀቻት። ለእህቷ ያ ትርፍ ጨርቅ የድሮዋ እህቷ ናት፤ እዚያ ውስጥ ታጥፋ የተቀመጠች። በመጨረሻ አንገቷን ቀና አድርጋ ፊቷን አየቻት፤ እንደ ሌላው ጊዜ ሸርተት አድርጋ ሳይሆን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ቆረጠችው። ቁራጩ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሁለቱም አዩት፤ ማንም አላነሣውም።

በምረቃው ቀን ድልድዩ ላይ የወንዙ ንፋስ የባንዲራውን ገመድ ከእንጨቱ ጋር ያጋጨው ነበር። ባንዱ ከወዲህ ማዶ ተሰለፈ። ከፊት አለቃው፣ ከእሱ ቀጥሎ ድምቡሼ። ከበሮው ተመታና መሄድ ጀመሩ። ግራ፣ ቀኝ። ድልድዩ መሀሉ ላይ ከፍ ስለሚል መንገዱ ዳገት ነው፤ ጉልበቷ ግን ዝም ብሎ ወሰዳት። ዳርና ዳር የቆመው ሰው ያያታል። አንዳንዱ ያላወቃት ይመስላል፤ አንዷ ሴት ጎረቤቷን «ድምቡሼ አይደለችም እንዴ? ምስኪን፣ እንዲህ ሆነች?» ስትል ሰማች። ሰማችና አለፈች። ስለ እሷ ያዘነ ሰው ሁሉ ከመንገዱ ዳር ነው የቆመው፤ እየሄደች ያለችው እሷ ናት።

መሀሉ ላይ ሲደርሱ አለቃው በትሩን ወደ ላይ አነሣ። ሙዚቃው ቆመ፤ የጫማ ድምፅና ንፋሱ ብቻ ቀሩ። ድምቡሼ እርምጃዋን ሳታቋርጥ ጥሩምባዋን አነሣች። ከንፈሯን ንፋሱ አድርቆት ነበር፤ አረጠበችው። ጉንጯን ወደ ጥርሷ ሰበሰበች። ነፋች።

ጥሪው ቀጥ ብሎ ሄደ። ንፋሱ ሊወስደው ሞከረ፤ አልቻለውም። ላይኛዋ ላይ ስትወጣ ጎኗ ያለው ሸንበቆ ትንፋሹን እንደያዘ ታወቃት። ያዘቻት፣ ያዘቻት፤ ከወዲያ ማዶ ያለው ሕዝብ ሳይታዘዝ ወደ እነሱ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ባንዱ በሙሉ ከኋላዋ ተነሣ። ድምቡሼ በሕይወቷ ብዙ ጊዜ ተጨብጭቦላታል፤ እንዲያ ግን ኮርታ አታውቅም። ያ ኩራት ከማንም የተሰጣት አልነበረም፤ ማንም ሊወስድባት አይችልም።

ከማዶ ሲደርሱ የማዘጋጃ ቤቱ ፎቶ አንሺ እየሮጠ መጣ። ካሜራው ጀርባ ላይ ያለውን ምስል አሳያት፤ ላይኛዋ ድምፅ ላይ ሳለች ያነሣት ነው። ጉንጯ ሟሽሾ ከአጥንቷ ጋር ተጣብቋል፤ የአንገቷ ጅማት ተወጥሯል፤ ከዐይኗ ሥርና ከአፏ ዙሪያ ያለው መስመር ሁሉ አንድም ሳይቀር ወጥቷል። ከሕዝቡ መሀል ወጥታ ከኋላዋ የደረሰችው እህቷ ምስሉን አየችና አፏን በእጇ ያዘች።

«አይጨነቁ፣ እማማ» አለ ፎቶ አንሺው በትሕትና። «ከመለጠፉ በፊት ፊትዎን ትንሽ አስተካክለዋለሁ። ጉንጭዎን ሞላ አድርጌ፣ መስመሮቹን ባጠፋቸው ያምርብዎታል።»

ድምቡሼ ምስሉን ደግማ አየችው። ግራዋ ጡንቻ አልሰነፈችም ነበር።

«ተወው» አለችው። «ጉንጭ ከሞላህበት ማን እንደነፋው አይታወቅም።»

ፎቶ አንሺው ግራ ገብቶት እህትየዋን አያት። እህትየዋ እጇን ከአፏ አነሣችና «እንዳለ አድርገው፤ ለእኔም አንድ አውጣልኝ፣ ትልቁን» አለችው።